ያልለቀቀው ሰማያዊ

ዛሬም ጣቶቼ ሰማያዊ ሆነው ነው ቤት የገባሁት። እናቴ «ይሄ ነገር ጨርሶ አይለቅም እንዴ?» ብላ ሎሚ ቆርጣ ሰጠችኝ። ሎሚው ምንም አላደረገም።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ ቀለም ውሃ ውስጥ እበጠብጣለሁ፣ ቤንቶናይት የሚባለውን ሸክላ እጨምራለሁ፣ ከዚያ በየጊዜው እየቀዳሁ ውሃው ውስጥ የቀረውን ቀለም፣ አጥብቆ በሚውጠው በ664 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ብርሃን እለካለሁ። ቤንቶናይት የዋልካ አፈር ዘመድ ነው፤ ዋልካን ክረምት ላይ የሚያሳብጠውና በጋ ላይ የሚሰነጣጥቀው የማዕድን ቤተሰብ እዚህም አለ። በስስ ንጣፎቹ ውስጥ የአንዳንዱን አሉሚኒየም ቦታ ማግኒዥየም ስለያዘው ኔጌቲቭ ቻርጅ አላቸው። ቀለሙ ደግሞ ፖዘቲቭ ነው፣ ስለዚህ እዚያ የነበረውን ሶዲየም ገፍቶ ይቀመጣል። ጭቃው ራሱ ሰማያዊ አይሆንም፣ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፤ ሞለኪውሎቹ ንጣፉ ላይ ተጠጋግተው ሲደራረቡ የሚውጡት ብርሃን ይለወጣላ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ያበላሸሁት መስሎኝ ነበር።

የገባሁበት ጣጣ ጊዜው ነው፤ ሸክላው ቀለሙን በምን ፍጥነት እንደሚስብ ማወቅ እፈልጋለሁ። ቀለሙ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ግር ብሎ ይለጠፋል፣ የቀረችው ጥቂት ግን ሰዓታት ትጎተታለች። ባለፈው ሰዓቱን ለተለጠፈው መጠን አካፍዬ፣ ውጤቱን ከሰዓቱ ጋር በግራፍ አስቀመጥኩና መስመሩ ቀጥ አለልኝ፣ ነጥቦቹ ከቀጥታ መስመር ጋር መግጠማቸውን የሚለካው ቁጥር 0.999 ሆነ፣ ፍጹሙ 1 ነው! እየፈነደቅኩ ለአማካሪዬ ላክሁ። «ሰዓቱን በሁለቱም በኩል አስገብተሽ መስመሩ ባይቀና ነበር የሚገርመኝ» አሉኝ። ክው አልኩ። አብዛኞቹ ናሙናዎቼ ከ30 ደቂቃ በኋላ የተቀዱ ናቸው፣ ያኔ ሸክላው ጠግቧል፣ የሚያድገው ሰዓቱ ብቻ ነው። መስመሩ ስለ ፍጥነቱ ምንም አልነገረኝም ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ በ30 ሰከንድ፣ በ1 ደቂቃ፣ በ2 ደቂቃ ልቅዳ ብዬ ተነሳሁ። ቀዳሁም። ግን ሸክላውን ለመለየት ሴንትሪፊውጁ 5 ደቂቃ ይሽከረከራል፣ እዚያ ውስጥ ሆኖም ሸክላው ቀለሙን መሳቡን አያቆምም፤ የ1 ደቂቃዬ ናሙና እንግዲህ የስንት ደቂቃ ነው? በማጣሪያ ወረቀት ልለየው ብዬ ሸክላ የሌለበትን ቀለም ባሳልፍ፣ ወረቀቱ ራሱ ሰማያዊ ሆኖ ውሃው ገርጥቶ ወጣ። ወረቀቱም ይጠጣል!

ነገ ሌላ ዓይነት ማጣሪያ ለምኜ፣ መጀመሪያ ቀለም ብቻ አሳልፌበት አያለሁ። ጓንትም ልግዛ።