ስቲከሩን እርሱት፣ ካሊፐር ያዙ

ሞተሯን ያመጣኋት ለልጄ ነው። ትንሽ ቀይ የቻይና ደርት ባይክ፣ 110 ሲሲ፣ ያገለገለች። ሻጩ «ካርብሬተሯ ትንሽ ጽዳት ብቻ ነው የሚፈልገው» አለኝ፣ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ዕቃ ማለቱ ነው። ታዲያ ለምን ራስህ አላጸዳኸውም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ልጁ መሪዋን ሁለት እጁን ጨብጦ ቆሟል፣ በዚያ ሰዓት ማን ይጠይቃል።

ቤት ስንደርስ አመሏ ታወቀ። ቾኩን፣ የካርብሬተሩን አየር መዝጊያ ማለት ነው፣ ዘግታችሁ ስትረግጧት ትነሳለች። ቾኩን ስትከፍቱት ትጠፋለች። ቤንዚን ስትሰጧት ታስላለች፣ ትንተባተባለች፣ ከዚያ ዝም። ልጄ በየማታው «አባዬ፣ ዛሬ ትነሳለች?» ይለኛል። እኔም በየማታው «ዛሬማ ትነሳለች» እለዋለሁ።

ከዚያ አንድ ጅል ነገር ሠራሁ። ፕላስቲኩ ላይ የተለጠፈውን ስም ይዤ መለዋወጫ ፍለጋ ወጣሁ። ባለ መለዋወጫው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቀይዋ ናት?» አዎ አልኩት። አዲስ ካርብሬተር ሰጠኝ። ቤት አምጥቼ ልገጥመው ስል የቡሎኖቹ ቀዳዳ አልገናኝ አለ። ልዩነቱ የሦስት አራት ሚሊሜትር ጉዳይ ነው፣ ግን ብረት አይለመንም።

ቆይቶ ነው የገባኝ። ያ ስም የፋብሪካ ስም አይደለም፣ ስቲከር ነው። ያችው ሞተር በአስር ስም ትሸጣለች። ይባስ ብሎ አንድ ስም የለጠፉ ሁለት ሞተሮች የተለያየ ካርብሬተር፣ የተለያየ ፍሬን፣ የተለያየ የጎማ አክሰል ሊኖራቸው ይችላል፣ ምክንያቱም የሚገጣጥማት ሰው በዚያ ሰሞን እጁ ላይ ያለውን ዕቃ ነው የሚያስርባት። ስለዚህ በስም መፈለግ ድካም ነው።

ኢንጂኗ ግን ዘር አላት። ሲሊንደሩ ወደ ፊት የተኛ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ትንሽ ኢንጂን ከሆነ አያቱ ሆንዳ ነው። ሆንዳ ሱፐር ካብን በ1958 እ.ኤ.አ. አወጣ፤ ከዚያ ቤተሰብ የወጣውን የተኛ ኢንጂን ቻይናዎች እስከ ዛሬ እየቀዱ ያመርቱታል። ለእኛ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ፒስተኑ፣ ፋሻው፣ ጋርኒሲዮኑ፣ የፍሪሲዮኑ ሸራ እንደ ልብ ይገኛል፣ ትክክለኛውን ቁጥር ካወቃችሁ።

ቁጥሩ የት አለ? ኢንጂኑ ጎን ላይ፣ ከታች በኩል ብረቱ ላይ ተመቶ። የእኔ በጭቃና በዘይት ተሸፍኖ ነበር። በጥርስ ብሩሽና በቤንዚን ፈተግኩት፣ ከዚያ ባትሪ በጎን አበራሁበት፦ 1ፒ52ኤፍኤምኤች። የይለፍ ቃል ይመስላል፣ ግን ትርጉም አለው። 1 ማለት አንድ ሲሊንደር ነው። ፒ ማለት የተኛ። 52 የሲሊንደሩ ስፋት በሚሊሜትር። ኤፍ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ኤም የሞተር ሳይክል፣ የመጨረሻዋ ፊደል የሲሲው ምድብ። የዚህኛው ፒስተን 52.4 ሚሊሜትር ነው፣ 49.5 ሚሊሜትር ይሄዳል። ብታሰሉት 107 ሲሲ ገደማ ይመጣል። 110 ብለው የጻፉት አጠጋግተው ነው እንግዲህ። 54 የሚል ካገኛችሁ ብዙውን ጊዜ 125 የሚሏት ናት።

ወደ ካርብሬተሩ ልመለስ። አዲሱ አልገጥም ሲል አሮጌውን ፈታሁት፣ መጀመሪያውኑ ማድረግ የነበረብኝን ማለት ነው። ሞተር በቾክ ብቻ የምትነሳ ከሆነ ቤንዚኑ አንሷታል ወይም አየሩ በዝቶባታል፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። የታችኛውን ሳህን ስፈታው አረንጓዴና ቡናማ የሆነ ዝልግልግ ነገር ተቀምጧል፤ ቤንዚን ወራት ሲተኛ እንዲህ ይሆናል። ውስጡ ሁለት የነሐስ ጂግለሮች፣ ቤንዚን በልክ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያላቸው ትንንሽ ቡሎኖች፣ አሉ። ትልቁ ንጹሕ ነበር። ትንሿን፣ ሞተር በዝግታ ስትሠራ የሚያስፈልጋትን ቤንዚን የምታሳልፈውን፣ በቀጭን ካቻቢቴ ፈትቼ ወደ መብራት አነሳኋት። ምንም ብርሃን አያልፍም። ቀዳዳዋ በደህናው ጊዜም ከአንድ ሚሊሜትር ግማሽ በታች ናት። ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ አንድ የመዳብ ክር መዝዤ በቀስታ አስገባሁባት፣ የካርብሬተር ማጽጃ ነፋሁባት፣ ደግሜ አነሳኋት። የመርፌ ጫፍ የምታህል ብርሃን መጣች። እውነት ለመናገር ከራሷ ከሞተሯ መነሳት በላይ ያስደሰተኝ ያ ብርሃን ነው። በነገራችን ላይ ጠንካራ ሽቦ አታስገቡ፣ ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳዋ ትሰፋና ሌላ ጣጣ ታመጣለች።

ሞተሯ ተነሳች። ግን ሥራ ፈታ ስትቆም ድምጿ ከፍ ዝቅ ይላል። ካርብሬተሩና ማኒፎልዱ (ወደ ኢንጂኑ የሚያስገባው ቱቦ) መካከል ያለችው የላስቲክ ቀለበት ደርቃ ተሰንጥቃ ነበር፣ በዚያ አየር ይገባል። ይህን ለማወቅ ኢንጂኑ ሳይግል መገጣጠሚያው ላይ ማጽጃውን ጥቂት መርጨት ነው፤ ድምጿ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። የጋለ ማርሚታ አጠገብ ግን እንዳትሞክሩት፣ ይቀጣጠላል።

እንግዲህ ካርብሬተር የግድ መግዛት ካለባችሁ ሁለቱን የቡሎን ቀዳዳዎች በካሊፐር፣ ሚሊሜትርን በትክክል በምትለካው መሣሪያ፣ ከመሐል እስከ መሐል ለኩ። የአየር መግቢያውን ስፋት ለኩ። ቾኩ በየት በኩል እንዳለ፣ የጋዝ (የቤንዚን መስጫው) ሽቦ ከላይ ይግባ ከጎን ተመልከቱ። ፎቶ አንሱ። ከተቻለ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ባለ ሱቁ «ይሄ ለሁሉም ይሆናል» ካለ ካሊፐራችሁን አውጡ።

ሰንሰለት ላይም ተሸውጃለሁ፣ ያውም በራሴ። የእኔዋ የምትወስደው 420 ነው፣ እኔ 428 ገዛሁ። ሁለቱም ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊሜትር ስለሆኑ ጥርሱ ላይ ቁጭ ይላል፣ የሚገጥም ይመስላል። ልዩነቱ በውስጥ ስፋታቸው ነው፦ 420ው 6.35፣ 428ቱ ወደ 8 ሚሊሜትር የሚጠጋ። እናም ሰንሰለቱ ጥርሱ ላይ ይዋልላል። ልጄ ሁለት ዙር እንደሄደ ወልቆ ወደቀ፣ ደግነቱ ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው። ቁጥሩ እኮ የሰንሰለቱ ጎን ላይ ተጽፏል! የፊቱን ጥርስ ስትቀይሩ ደግሞ የጥርሱን ብዛት ብቻ አትቁጠሩ፣ የሚገባበት ዘንግ 17 ሚሊሜትርም 20 ሚሊሜትርም ስለሚሆን እሱንም ለኩ።

ኩሽኔታ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ቁጥሩ ራሱ ላይ አለ፣ በዓለም ሙሉ አንድ ነው። 6202 ማለት ውስጡ 15 ሚሊሜትር፣ 6201 ማለት 12። የሞተር መለዋወጫ ቤት እንኳ መሄድ አያስፈልግም፣ ኩሽኔታ የሚሸጥ ሁሉ አለው። የዘይት መያዣ ላስቲኮችም እንዲሁ ሦስት ቁጥር ተጽፎባቸዋል፣ የውስጥ፣ የውጭ፣ ውፍረት።

አንድ ቀን ደግሞ ካንዴላው እሳት አልሰጥ አለ። ሲዲአይ፣ የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረውን ትንሽ ሳጥን፣ ልገዛ ጫማ አድርጌ ነበር። በር ላይ ቆሜ የማጥፊያ ቁልፉን ገመድ ልንቀለው እስቲ አልኩ። ነቀልኩት፣ ረገጥኳት፣ ተነሳች። ቁልፉ ውስጥ ውኃ ገብቶ ዝጓል። ጫማዬን አወለቅኩ።

ዘይቱን ቀይሬ የቫልቮላዎቹን ክፍተት አስተካከልኩ፣ ኢንጂኑ ቀዝቃዛ እያለ 0.05 ሚሊሜትር፣ ሁለቱንም። ዘይት ስትገዙ የሞተር ሳይክል ይሁን፣ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ምልክት ያለበት። ፍሪሲዮኑ እዚያው ዘይት ውስጥ ስለሚዋኝ ለመኪና የተሠራ አንዳንድ ዘይት ያንሸራትተዋል፣ ሞተሯ ትጮኻለች እንጂ አትሄድም።

አሁን ደግሞ የማልቀልድበት ነገር። ልጅ ነው የሚቀመጥባት። እነዚህ ሞተሮች ቡሎናቸው ይላላል፣ አዲስ ሆነው ከካርቶን ሲወጡም ጭምር። መጀመሪያ ቀን በየተራ ስነካቸው የእግር መርገጫው ቡሎን በጣቴ ዞረ። በጣቴ! ሁሉንም ፈትቼ ቡሎን የሚይዝ ማጣበቂያ ቀብቼ አሰርኳቸው። የጋዝ እጀታው ተለቆ በራሱ ጥርቅ ብሎ ካልተመለሰ ሞተሯ አትነሳም፣ አለቀ። እጀታው ላይ ብዙ ጊዜ ጋዙን የምትገድብ ትንሽ ቡሎን አለች፣ ለጀማሪ ልጅ እሷን አስገቡለት። በፍሬን ሸራ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ሻሲዋ ብየዳው ላይ ከተሰነጠቀ ደግሞ እኔ ብሆን ኢንጂኗን አውጥቼ ቀሪውን ለቁራሌ እሰጣለሁ።

አሁን የሁሉንም ልክ አንድ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ በፕላስቲክ አሽጌ ኮርቻዋ ሥር ለጥፌዋለሁ። የኢንጂን ቁጥር፣ ሰንሰለት 420፣ የፊት ጥርስ ዘንግ 17፣ የኋላ ኩሽኔታ 6202፣ የካርብሬተር ቀዳዳዎች ርቀት። መለዋወጫ ስፈልግ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ እልካለሁ፣ ስሟን የሚጠይቀኝ የለም። ባለፈው ሳምንት ኮርቻውን ስፈታ ከታች በልጄ እጅ አንድ መስመር ተጨምሮ አየሁ፣ በእርሳስ፣ በትልልቅ ፊደል፦ «ቀለም፦ ቀይ»።