አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ፣ ቀይ ቀበሮ ፍለጋ

ከላሊበላ ተነስተን በአሸተን ማርያም በኩል ዳገቱን ወጣን። ማታ ከተራራው ሥር ካለ መንደር አድረን፣ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ መንገድ ጀመርን። የገብስ ማሳው አልቆ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ይመጣል፤ አስታውም ሲሳሳ የጓሳ ሳርና ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ብቻ ይቀራል። የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ከ4200 ሜትር በላይ ነው። ጥር ስለነበር ውርጩ ሳሩን አድርቆት ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል።

ወደዚህ ያመጣኝ ቤጂንግ ነው። ለሥልጠና ሄጄ የእንስሳት ማቆያውን ስጎበኝ ሰው ሁሉ ፓንዳ ለማየት ይጋፋ ነበር፤ እኔን ያስቆመኝ ግን ሚሉ የሚባለው አጋዘን ነው። በገዛ አገሩ በቻይና ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። ቀደም ብለው አውሮፓ የተወሰዱት እንግሊዝ ውስጥ ተራብተው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ዘራቸው ወደ ቻይና ተመለሰ። የሞንጎሊያ የዱር ፈረስም እንዲሁ፣ በእንስሳት ማቆያ ከተረፉት ተራብቶ እ.ኤ.አ. በ1992 አገሩ ገባ።

የእኛ ቀይ ቀበሮ እንዲህ ያለ መጠባበቂያ የለውም። በዓለም ላይ አንድም የእንስሳት ማቆያ ውስጥ አይገኝም። ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 በታች ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው፤ የቀሩት አርሲ፣ መንዝ ጓሳ፣ ሰሜን ተራሮችና እዚህ ወሎ ውስጥ ተበታትነዋል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሳላየው መቅረት አልሆነልኝም።

«ያውልህ ጋሼ፣ ከጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ወዲህ» አለኝ አስጎብኚዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቀጭን አፍ፣ ረጃጅም እግር፣ ደረቱ ላይ ነጭ፣ ቀሪው ገላው እንደ ሸክላ የቀላ። አንድ ጉድጓድ አጠገብ ጆሮውን ወደፊት ቀስሮ ቆመ። አንድ እግሩን አንስቶ ሳያወርድ ረጅም ጊዜ ቆየ፤ ከዚያ ዘለለና አይጧን በአፉ ይዞ ተነሳ። ጭላዳዎቹ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። መንዝ ጓሳ ላይ የተደረገ ጥናት፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሃል ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ እንደሚሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25ቱ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ዓይኔ እያየ ስለሆነ ለማመን አልተቸገርሁም።

ወደ ታች ስንመለስ በግ የሚጠብቁ አዛውንት አገኘን። ቀይ ቀበሮ በግ ያስቸግራቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«የሚጨርሰንስ ጅብ ነው። ይሄ አይጥ ለቃሚ ነው፤ ገብሳችንን ይጠብቅልናል።»

ሁለት ውሾች ከጎናቸው ተኝተዋል። «አባቴ፣ ውሾችዎ ተከትበዋል?»

«ትልቁ ተከትቧል። ይሄኛው ያኔ አልተወለደም።»

ሐሳቤ እዚያ ትንሽ ውሻ ላይ ቀረ። የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ቀይ ቀበሮ የሚሻገረው ከመንደር ውሾች ነው፤ በቤተሰብ ስለሚኖሩም አንዱ ከተያዘ ለሌላው ያስተላልፋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ዌብ ሸለቆ የገባው ወረርሽኝ ከአካባቢው ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል። ባሌ ብዙ ስለሆኑ አገገሙ። የወሎዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ዙሪያቸውን ደግሞ እርሻ ከቧቸዋል፤ ከሌላ ተራራ መጥቶ የሚተካቸው የለም። ስለዚህ ለእኔ የውሻ ክትባት ከማንኛውም አጥር ይቀድማል፤ አዲስ የተወለዱትን ቡችሎች እየተከታተለ በየጊዜው መደገም አለበት።

መሄድ የምትፈልጉ፣ የአካባቢውን ሰው አስጎብኚ አድርጉ፤ ገንዘቡ ተራራውን ለሚጠብቀው ማኅበረሰብ ይድረስ። ወፍራም ጋቢ ያዙ፣ ማልዳችሁ ውጡ፣ ስታዩትም አትከተሉት።