ግንቡ ይቆይ፣ መጀመሪያ ፊቱ

የምረቃ ሰሞን ፋሲል ግቢ በር አካባቢ የቆመ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ተመራቂው ጋዋኑን እንደለበሰ ግንቡን ጀርባው አድርጎ ይቆማል፣ አንሺው ግንቡ እስከ ጉልላቱ እንዲገባለት ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ፀሐይ አናት ላይ ናት። የሚወጣው ፎቶ ያማረ ግንብና ከሥሩ ዓይኑ የጠቆረ ትንሽ ሰው ነው። ጎንደር ላይ ፎቶግራፍ የሚማር ተማሪ ትልቁ ፈተናው ይኸው ይመስለኛል፤ ዳራው ከማማሩ የተነሳ ፊቱን ያስረሳል። ፖዝ ተይዞ ለሚነሳ ፎቶ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ብርሃን፣ ከዚያ አቋም፣ ከዚያ ካሜራ። ዳራ መጨረሻ ይመጣል።

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ከዚህች ቁጥር ብዙ ነገር ይወጣል። ፀሐይ ከፍታዋ ጫፍ የምትደርሰው 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሲሆን፣ ሚያዝያ አጋማሽና ነሐሴ አጋማሽ ላይ በዚያ ሰዓት ልክ አናት ላይ ትሆናለች። ያኔ የቅንድብ ጥላ ዓይንን ይሸፍናል፣ የአፍንጫ ጥላ ላይኛው ከንፈር ላይ ጺም መስሎ ያርፋል፤ የምረቃ ቆብ ሲጨመርበት ግማሽ ፊት ይጠፋል። ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ሜዳ ላይ ፖርትሬት (ፊት ላይ ያተኮረ የሰው ፎቶ) ባታነሱ ይሻላል። ግድ ከሆነ ጥላ ፈልጉ።

ጥላ ሲባል ግን የዛፍ ጥላ ማለቴ አይደለም። በቅጠሎቹ መሃል ሾልኮ የሚገባው የፀሐይ ነጠብጣብ ፊት ላይ ካረፈ በኋላ በኤዲቲንግ አይወጣም፤ በዚያ ላይ ሣሩና ቅጠሉ ከአገጭ ሥር አረንጓዴ ቀለም ይረጫል። ፋሲል መዋኛ ዙሪያ፣ የዛፎቹ ሥሮች ግንቡን አቅፈው የወረዱበት ቦታ፣ ለዓይን ያምራል፣ የቆዳ ቀለም ግን ያበላሻል። የተሻለው የደጃፍ ጥላ ነው፦ የግንብ ቅስት በር፣ የፒያሳ ሕንፃ በረንዳ፣ የካምፓስ ኮሪደር ጫፍ። ተነሺውን ከጥላው ጠርዝ አንድ እርምጃ ብቻ ወደ ውስጥ አስገቡት፣ ፊቱን ወደ ውጭ፣ ወደ ክፍቱ ሰማይ መልሱት፣ እናንተ ውጭ ቁሙ። ከላይ ጣራ ስላለ ብርሃኑ ከፊት ለፊት ይመጣል፣ ዓይኑ ውስጥም ነጭ ነጥብ ትታያለች። ያቺ ነጥብ የሌለችበት ዓይን የፈዘዘ ይመስላል። አንዱ እርምጃ ሦስት ወይም አራት ከሆነ ብርሃኑ በፍጥነት ያንሳል፣ አይኤስኦው (የካሜራው ለብርሃን የመንቃት መጠን) 1600 ይደርስና ፎቶው መሻከር ይጀምራል።

ቦታው ይሁን አይሁን ለማወቅ ተነሺውን ማቆም አያስፈልግም። ፊቱ በሚሆንበት ከፍታ እጃችሁን ጨብጣችሁ ክንዳችሁን ዘርጉና ቀስ ብላችሁ በቦታችሁ ዙሩ። የጣቶቻችሁ አንጓ ጥላ የቱ ጋ እንደሚለሰልስ፣ የቱ ጋ እንደሚጠነክር በግልጽ ታያላችሁ። በለሰለሰበት አቅጣጫ ፊቱን አዙሩት።

ቤት ውስጥ ለምትለማመዱ መስኮት ከማንኛውም ርካሽ ፍላሽ ይበልጣል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ በሰሜን በኩል ያለ መስኮት ቀኑን ሙሉ ቀጥተኛ ፀሐይ አይገባበትም፤ ሰኔና ሐምሌ ደግሞ ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ የደቡቡ መስኮት ነው የሚመረጠው። ተነሺው ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ ግማሽ ያህል አዙሮ ይቀመጥ። አምፖሉን አጥፉት። የመስኮት ብርሃን ሰማያዊ ነው፣ አምፖሉ ቢጫ ወይም አረንጓዴ፤ ሁለቱ አንድ ፊት ላይ ሲገናኙ በየትኛውም ዋይት ባላንስ (የካሜራው የቀለም ማስተካከያ) አይታረቁም።

የጨለመውን የፊት ጎን ለማብራት ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገዛ ነጭ ፎም ወይም ወፍራም ነጭ ካርቶን ይበቃል፤ 50 በ70 ሴንቲሜትር ገደማ። በፊቱ ጥላ በኩል፣ ከፍሬሙ እንደወጣ፣ እስከተቻለ ድረስ ቀርቦ ይያዝ፤ 60 ሴንቲሜትር ላይ የሚሠራው ሥራ በእጥፍ ርቀት ላይ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ቆብ ለለበሰ ተመራቂ ፎሙን ወገብ ላይ አግድም አስይዙት፣ ብርሃኑ ከታች ወደ ዓይን ይወጣል። ፎም ከሌለ የእናቱ ነጠላ ተዘርግቶ ያገለግላል። የብስኩት መጠቅለያ የመሰለውን ብርማ ወረቀት ግን ፀሐይ ላይ አትጠቀሙ፤ ተነሺው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ፊቱም ወዝ ያወጣል።

አሁን ወደ አቋም። የሚገነባው ከእግር ወደ ላይ ነው፤ ብዙ ጀማሪ ከፈገግታ ይጀምርና እግሩን ይረሳዋል። ክብደቱ በኋለኛው እግር ላይ ይረፍ፣ የፊተኛው ጉልበት ትንሽ ይላላ። ይህን ሲያደርግ ዳሌውም ትከሻውም በራሳቸው ዘንበል ይላሉ፣ እንደ ወታደር መገተሩ ይቀራል። ቀጥሎ ትከሻው ከካሜራው 30 ወይም 45 ዲግሪ ይዙር፣ ፊቱ ብቻ ይመለስ። ጋዋን ሰፊ ስለሆነ ፊት ለፊት ከቆመ ሰውየው ድንኳን ይመስላል፤ ዞር ሲል ግን ወገብ ይወጣለታል። ክንድና ጎን መካከል የጣት ስፋት ክፍተት ይኑር፣ አለዚያ ክንዱ ተጨፍልቆ ወፍራም ሆኖ ይታያል።

አገጭ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ከሁሉም የሚያተርፈው እሱ ነውና። ሰው ካሜራ ሲያይ አንገቱን ወደ ኋላ ይስባል፤ የአገጭ ሥር ቆዳ ይጠራቀማል፣ አገጭና አንገት ይቀላቀላሉ። መፍትሔው ግንባርን ወደ ካሜራው ሁለት ጣት ያህል ማስጠጋት፣ ከዚያ አገጭን በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ነው። ለተነሺው አሠራሩ የማይመች፣ እንዲያውም የሚያሳፍር ይመስለዋል። ከፊት ሲታይ ግን የመንጋጋው መስመር ይለያል። «አገጭህን ወደፊት» ካላችሁት አገጩን ወደ ላይ ያነሳና አፍንጫው ቀዳዳ ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ «ግንባርህን ወደ እኔ» በሉት። ከጎን ሆኖ እየተነሳ ከሆነ ይህን ዘዴ ተዉት፣ ኤሊ ነው የሚያስመስለው።

እጅ ሥራ ካላገኘ ይንጠለጠላል። ለተመራቂ የተጠቀለለው ዲፕሎማ አለ፤ ከደረት በታች፣ ዘንበል ብሎ ይያዝ፣ ነጭ ወረቀቱ ፊት አጠገብ ከመጣ ዓይን ይሰርቃል። የሐበሻ ቀሚስ ለለበሰች ነጠላዋ አለ። የነጠላውን ጫፍ በሁለት ጣት ያዝ አድርጋ፣ የእጇን ጀርባ ሳይሆን ጎኑን ለካሜራ ትስጥ። ጥለቱ ሳይጣመም ወደ ታች መውረዱን ከማንሳታችሁ በፊት እዩ። ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ከዞረ የሐዘን አለባበስ ስለሚመስል፣ ፎቶውን ያየች አክስት ሁሉ ትነግራችኋለች።

አነጋገር የአቋም ግማሽ ነው። ቀኝና ግራ ብላችሁ አታዙ፤ ትይዩ ስለቆማችሁ ይምታታል። እንደ መስታወት በራሳችሁ አካል አሳዩ፣ ተነሺው ይከተላል። ኮሌታና ዘርፍ ለማስተካከል ሳትጠይቁ እጅ አትስደዱ። ትልልቅ ሰዎችን ስታነሱ ደግሞ «እማማ፣ ትንሽ ወደዚህ ዞር ይበሉልኝ»፣ «አባባ፣ እጅዎን ጉልበትዎ ላይ ያድርጉልኝ» ነው። የቆየው ልማድ ቀጥ ብሎ፣ ኮስተር ብሎ፣ ሁለት እጅን ጉልበት ላይ አድርጎ መነሳት ነው፤ እሱም የራሱ ክብር ያለው ፖዝ ስለሆነ በግድ ሳቁ አትበሏቸው። ካህን ከሆኑ መስቀሉን እንዴት መያዝ እንደሚፈልጉ እሳቸውን ጠይቁ። ወጣቱን ግን ከተገተረ አየር ስቦ በአፉ ቀስ ብሎ እንዲያስወጣ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በሦስት እንዲከፍት ንገሩት። በገለጠበት ቅጽበት አንሱ። «ሳቅ በል» ያላችሁት ሰው የሚሰጣችሁ ጥርስ እንጂ ሳቅ አይደለም።

ካሜራው ላይ በብዛት ያላችሁ ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚዘረጋው ኪት ሌንስ፣ ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው፣ ነው፤ ይበቃል። 55 ላይ አድርጉትና አትንኩት። ራስና ትከሻ ለማንሳት ከ1.5 ሜትር ገደማ፣ እስከ ወገብ ከ2 ሜትር ትንሽ አለፍ ብላችሁ፣ ሙሉ ቁመት ከ5 ሜትር ገደማ ትቆማላችሁ። 18 ላይ አድርጋችሁ ከተጠጋችሁ አፍንጫ ያብጣል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ጥፋቱ የሌንሱ ሳይሆን የርቀቱ ነው። 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ የገዛችሁ ደግሞ 1.8 ላይ አትቸኩሉ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ከ1.5 ሜትር ላይ ያንን ኪት ሌንስ ይዞ በሚመጣ ካሜራ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 6 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ፊቱ ዞር ሲል አንዱ ዓይን ይደበዝዛል። ኤፍ 2.8 ላይ 10 ሴንቲሜትር ይሆናል፣ ለአንድ ሰው ይበቃል። ፎከሱ ለካሜራው የቀረበው ዓይን ላይ ይሁን። የሹተር ፍጥነት ከ1/200 ሰከንድ አይውረድ። ቤተሰብ በሁለት ረድፍ ከቆመ ኤፍ 8 ያዙ፣ ፎከሱን የፊተኛው ረድፍ ላይ አድርጉ።

ኤክስፖዠር (ፎቶው የሚያገኘው የብርሃን መጠን) ላይ ጎንደር የራሷ ወጥመድ አላት፤ ጥቁር ጋዋንና ነጭ ቀሚስ አንድ ፍሬም ውስጥ። ካሜራ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ይሞክራል። ነጭ ቀሚስ ፍሬሙን ከሞላው ያጨልመዋል፣ ቀሚሱ አመድማ ይሆናል፣ ፊት ይጠቁራል፤ ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ ጨምሩ (አንድ ስቶፕ መጨመር ብርሃኑን እጥፍ፣ መቀነስ ግማሽ ማድረግ ነው)። ጋዋን ከሞላው ያነጣዋል፣ ግንባር ላይ ያለው ወዝ ይቃጠላል፤ ከ0.3 እስከ 0.7 ቀንሱ። ልጅ በጋዋን፣ እናት በነጭ አብረው ሲቆሙ ግን ካሜራው በእያንዳንዱ ፎቶ ሐሳቡን ይቀያይራል። ያኔ ብርሃኑን ራሳችሁ የምትወስኑበት ማኑዋል ግቡ። ተነሺዎቹ በቆሙበት ብርሃን ውስጥ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ በስፖት ሜተር (አንዲት ትንሽ ቦታ ብቻ በሚለካው) ለኩ፣ ከዚያ አንድ ስቶፕ ጨምሩና ቆልፉት። መዳፍ ከግራጫው አንድ ስቶፕ ያህል ስለሚበራ ነው የሚጨመረው። ጠይም ፊት ላይ በቀጥታ ከለካችሁ ግን ፊቱ ከሆነው በላይ ይነጣል፣ ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ መቀነስ አለባችሁ። ከመጀመሪያው ፎቶ በኋላ ነጠላው ስክሪኑ ላይ ብልጭ ድርግም ካለ (ነጩ መቃጠሉን ካሜራው የሚያስጠነቅቅበት ምልክት ነው) 0.3 ቀንሱ። በራው (RAW፣ ካሜራው ያየውን ሳያቀነባብር በሚያስቀምጥበት ፋይል) አንሱ፤ ከጨለማ ትንሽ ዝርዝር ይመለሳል፣ ከተቃጠለ ነጭ ግን ምንም አይመለስም።

ወደ ዳራው እንምጣ። ዋናው የፋሲል ግንብ ቁመቱ 32 ሜትር ያህል ስለሆነ እሱን ሙሉ ማስገባት ማለት ሰውየውን ማሳነስ ማለት ነው። ሙሉውን ካላስገባሁ የሚል ሰው ካለ ተነሺውን ከግንቡ አርቃችሁ ወደ ካሜራው አቅርቡት፤ ሰው ከግንቡ ግርጌ 50 ሜትር ርቆ፣ ከእናንተ 3 ሜትር ላይ ከቆመ ሁለቱም ይመጣጠናሉ (ለዚህ ብቻ ሌንሱን ከ55 ዝቅ አድርጉ)። ለእኔ ግን አንድ ቅስት ወይም የደረጃው አጥር ይበቃል፤ ጎንደር መሆኑን ድንጋዩ ራሱ ይናገራል። ጉልላት ከአናቱ ላይ እንዳይበቅል፣ የግድግዳ መስመር አንገቱን እንዳይቆርጠው ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን በሉ። ሰውየው ከግድግዳው ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ። ፍሬሙ ደግሞ አንጓ ላይ አይቁረጥ፤ ከጉልበት ከፍ ወይም ዝቅ፣ ከእጅ አንጓ ከፍ ወይም ዝቅ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ፣ በዚያ የመላእክት ፊት በተሞላ ጣሪያ ሥር፣ ፍላሽ አይፈቀድም፤ ፖርትሬቱን ቅጥሩ ውስጥ፣ ያውም አስፈቅዳችሁ አንሱ። ፋሲል ግቢም ለሥራ የምታነሱ ከሆነ በር ላይ ጠይቃችሁ ግቡ።

ለልምምድ የምመክረው አሰልቺ ነገር ነው። አንድ ጓደኛ፣ አንድ ደጃፍ፣ አንድ ሌንስ። ጓደኛችሁ በቆመበት 45 ዲግሪ 45 ዲግሪ እየዞረ ስምንት ፎቶ አንሱ፤ እናንተም አብራችሁ ዞራችሁ ሁልጊዜ ፊቱን እዩ። ከዚያ በተሻለው አቅጣጫ አገጩን ብቻ እየቀያየራችሁ አምስት። አንድ ጊዜ ሁለት ነገር ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳ አታውቁም። ኪሳችሁ ውስጥ ሶፍት ይኑር፣ ለግንባርና ለአፍንጫ ወዝ። ቫዝሊንም ትንሽ፣ በበጋ ለሚደርቅ ከንፈር።

ፎቶውን ስታስረክቡ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለዚያ ይጨመቅና ለሕትመት አይሆንም። 10 በ15 ሴንቲሜትር ለማሳተም በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ከ1200 በ1800 ፒክስል ያላነሰ ያስፈልጋል። የኮምፒውተር ስክሪን ከወረቀት ይበራል፤ ስለዚህ ሙሉውን ከማሳተማችሁ በፊት አንድ አሳትሙ፣ ፊቱ ከጠቆረ 0.3 ስቶፕ ጨምራችሁ ድገሙት። 13 በ18 የሚፈልግ ቤተሰብ ካለ ደግሞ ያ መጠን ከካሜራው ፍሬም በርዝመት በኩል ትንሽ ስለሚያጥር በቁም የተነሳው ፎቶ ከላይና ከታች ይቆረጣል፤ የቆቡ ጫፍ እንዳይሄድ ስታነሱ ከአናቱ በላይ የሁለት ጣት ባዶ ቦታ ትርፍ ተዉ።