ሐምሌ 19 ስለት አለብኝ አልኳቸው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የቁልቢው ቅዱስ ገብርኤል ያደረገልኝን ለሰው እንድናገር ተስዬ ነበር። ስለት ደግሞ ዕዳ ነው። ቢዘገይም ይኸው።

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ቀፊራ ገበያ በርበሬና ቅመም የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ሁለት ልጆቼን ያሳደግኩት በእሷ ነው። ሴቷ አግብታ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ትኖራለች። በ2015 ክረምት ደውላ ማርገዟን ነገረችኝ። የመጀመሪያዋ ነው። "እማዬ፣ ካንቺ በቀር ማን ያርሰኛል?" አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። በማግስቱ የገንፎ ገብስ ገዛሁ።

ለጉብኝት ቪዛ ፎርም አስሞላሁ። ክፍያው ያኔ 185 ዶላር ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ ከ10 ሺህ ብር በላይ። ቢከለክሉም አይመለስም። ቀጠሮዬ ኅዳር 2016 ነበር። አዲስ አበባ ወጥቼ እህቴ ቤት አደርኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ኤምባሲው እንጦጦ መንገድ ላይ ነው። ከመስታወት ጀርባ አንዲት ወጣት ቆንስል ቆማለች፤ አጠገቧ አስተርጓሚ አለ። ለምን እንደምሄድ ጠየቀችኝ። "ልጄን ላርስ" አልኩ። ይህን ደህና ተናገርኩ። ቀጥላ "መቼ ይመለሳሉ?" አለችኝ። እኔም እንደለመደብኝ "እግዚአብሔር ሲፈቅድ" አልኩ።

ደግማ ጠየቀችኝ። "እሷ ስትጠነክር" አልኩ። ሱቄን ማን እንደሚይዝልኝ ስትለኝም "ሰው አይጠፋም" ብዬ አለፍኩት። በሀገራችን ሰው እንዲህ ነው የሚመልሰው፤ ነገን ቆርጦ መናገር ድፍረት ይመስለናል። እዚያ መስኮት ላይ ግን ሌላ ትርጉም አለው። ፓስፖርቴን ከአንድ ወረቀት ጋር መለሰችልኝ።

ወረቀቱን በኋላ አስነበብኩት። 214(ለ) የሚሉት የሕጋቸው አንቀጽ ነው። ለጉብኝት የሚጠይቅ ሰው ሁሉ እዚያው ሊቀር ነው ተብሎ ይታሰባል። እንደሚመለስ ማሳመን ያለበት ራሱ ጠያቂው ነው። ደግሞ ማመልከት አይከለከልም፤ ገንዘቡ ግን እንደገና ይከፈላል። ያን ቀን ይህን ማን ነግሮኝ! በሩ ለዘላለም የተዘጋብኝ ነው የመሰለኝ።

ድሬ ስመለስ አንድ ፕሮሰስ የሚያደርግ ሰው አገናኙኝ። 40 ሺህ ብር ጠየቀኝ፤ 15 ሺህ ቀብድ ሰጠሁት። "አንቺ እውነት ተናግረሽ ነው የተመታሽው" አለኝ። ለጥቂት ቀን ባንክ ደብተሬ ውስጥ ብር ይገባል። በስሜ የቤት ካርታ ይሠራል። አሜሪካ ልጅ የለኝም፣ አገር ለማየት ነው የምሄደው እላለሁ። "በፊት ልጅ አለኝ ብዬ አስሞልቻለሁ እኮ" ስለው "ያኔ የሞላሽውን አሁን ማን ያየዋል!" አለኝ።

ፈራሁ፤ ግን እሺ አልኩ። የልጄ ሆድ በየሳምንቱ እየገፋ ነበር።

ታኅሣሥ 19 እንደ ሁልጊዜው ቁልቢ ሄድኩ። በደንገጎ ዳገት የወጣ ያውቀዋል፤ ያን ሰሞን መንገዱ ሁሉ ሰው ነው። ድንጋይ ተሸክሞ ኮረብታውን የሚወጣ አለ። ልጅ አዝላ በእግሯ የምትመጣ አለች። ከእስላም ጎረቤቶቼም ስለት የሚልኩ አሉ። የዚያ ዓመት አንዷ ጎረቤቴ "ላንቺም ጉዳይ ብያለሁ" ብላ ሻማ አስይዛኝ ነበር።

ከቅጥሩ ውስጥ ቆሜ ልጸልይ ስል አፌ አልታዘዝ አለኝ። ምን ብዬ ልለምን? "ገብርኤል ሆይ፣ ሐሰተኛ ካርታዬን እውነት አስመስልልኝ" ልበል? "ልጅ የለኝም ስል የሚያምኑኝ ሰዎች ስጠኝ" ልበል? በልቤ እንኳ ሊወጣልኝ አልቻለም። ስንት ዓመት ስለምነው እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም።

እዚያው እንደቆምኩ ካህኑ የዕለቱን ታሪክ ሰበኩ። ታኅሣሥ 19 መልአኩ አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ከእሳት ያወጣበት ቀን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ነው። የዚያን ቀን ግን አንድ ነገር ገባኝ። ናቡከደነፆር ያዘዛቸው ለምስሉ እንዲሰግዱ ነበር። ጎንበስ ብለው ቀና ቢሉ ያልፍላቸው ነበር። "ለይምሰል ነው፣ ልባችን ከአምላካችን ጋር ነው" ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። መልአኩም የመጣው እሳቱ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው።

ተንበርክኬ አለቀስኩ። "በውሸት ከምሄድ ልቅር። በእውነት ከሄድኩ ግን ሐምሌ 19 ተመልሼ ጃንጥላህን ይዤ እመጣለሁ" ብዬ ተሳልኩ።

ሰውየውን በነጋታው አገኘሁት። ተወው አልኩት። ቀብዴን አልመለሰልኝም፤ ተቆጣኝም። እኔ ግን ከትከሻዬ ኩንታል የወረደ ያህል ነው የቀለለኝ። የፊተኛው ፎርምና የጣት አሻራ እዚያው ተመዝግቦ እንደሚቆይ በኋላ ነው የሰማሁት። በሐሰት መረጃ የተያዘ ሰው ዕድሜ ልኩን ሊታገድ ይችላል። ልጄን ለማየት ብዬ ልጄን ላጣት ነበር። ገብርኤል ያወጣኝ ከዚህ እሳት ነው።

ጥር ላይ ልጄ በሰላም ተገላገለች። ሴት ልጅ። አልደረስኩላትም። ያረሰቻት ጓደኛዋ ናት፤ እግዚአብሔር ይስጣት። ገንፎውን በስልክ እያየሁ ነው ያስገነፋሁት። ያ ሐዘን ዛሬም ከልቤ አልወጣም፤ ምስክርነት ነው ብዬ አልደብቀውም።

ሁለተኛውን ፎርም የሞላችልኝ የዚያችው የጎረቤቴ ልጅ ናት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። እያንዳንዱን ጥያቄ ጮክ ብላ በአማርኛ ታነብልኛለች። "እትዬ፣ አሜሪካ የቅርብ ዘመድ አለሽ ይላል።" "አለኝ በይ።" "ከዚህ በፊት ቪዛ ተከልክለሽ ታውቂያለሽ?" "አዎ በይ።" ሳንቲም አልተቀበለችኝም።

መጋቢት ላይ ያው መስታወት ፊት ቆምኩ። አሁን ወንድ ነው። ንግድ ፈቃዴን፣ የግብር ደረሰኜን፣ የባንክ ወረቀቴን ታቅፌያለሁ፤ አንዱንም አላየውም። ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ። "የልጅ ልጄ ሰማንያ ቀኗ ሚያዝያ ላይ ይሞላል፤ ለክርስትናዋ ነው" አልኩ። "ሱቁስ?" አለኝ። "ወንዱ ልጄ ይይዘዋል፤ በርበሬ መግዛት ግን እኔ ነኝ የማውቀው" አልኩ።

"መቼ ይመለሳሉ?"

"ከሐምሌ 19 በፊት" አልኩ። "ቁልቢ ስለት አለብኝ።"

አስተርጓሚው ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ረዘም አድርጎ አስረዳው። ቁልቢ የሚለው ቃል ሁለት ሦስት ጊዜ ተሰማኝ። ሰውየው ጥቂት ጻፈና ፓስፖርቴን እዚያው አስቀረው። ነገሩ አልገባኝም፤ ዝም ብዬ ቆምኩ። አስተርጓሚው ፈገግ ብሎ "እናቴ፣ ተፈቅዶልዎታል። ለእኛም ይጸልዩልን" አለኝ።

እልል ልል ብዬ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ከግቢው ወጥቼ ነው ያልኩት።

ለክርስትናዋ ደረስኩ። እዚያ አውሮፕላን ማረፊያ 6 ወር ፈቅደውልኝ ነበር። ልጄ "ትንሽ ቆዪ እንጂ እማዬ" እያለች አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ሁለት ወር ከምናምን ቆይቼ ሰኔ መጨረሻ ድሬ ገባሁ።

ሐምሌ 19 ጃንጥላውን ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። ቀይ ነው፣ ዘርፉ ወርቅማ። አስረክቤ ታኅሣሥ ላይ አፌ እምቢ ባለኝ ቦታ ቆምኩና ለልጄ ደወልኩላት። እዚያ ሌሊት ነው፤ አልተኛችም። ሕፃኗን ታቅፋ እየጠበቀችኝ ነበር። ስልኩን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞርኩላቸው።