«ማሽኑ ነው ያለው»

አሰልጣኞች ላብራቶሪ ሲመጡ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። «ቪኦቱዋ ስንት ወጣ?» ቪኦቱ የሚሉት ሯጭ በሙሉ አቅሙ ሲሮጥ ሰውነቱ ለአንድ ኪሎ ክብደት በደቂቃ የሚጠቀመውን ኦክስጅን ነው። የላክቴቱን (ጡንቻ ሲጨናነቅ ደም ውስጥ የሚጨምረውን)፣ የልብ ምቱን፣ የቀረውን ሁሉ ብትነግራቸው አይሰሙህም። እኔ ከዚህ ጥያቄ ጋር የተጣላሁት በአንዲት የ19 ዓመት ሯጭ ምክንያት ነው። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል፣ ግን አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ቤተ ሙከራ ነው። ያኔ የሴት ሯጮችን የኦክስጅን ቁጠባ እያጠናን ነበር። ሁለት መኪናዎች በእኩል ፍጥነት ሲሄዱ አንዱ ነዳጅ ይበላል፣ ሌላው ይቆጥባል። ሯጭም እንደዚያው ነው።

ልጅቷ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ገባች። ቱታዋ ላይ ጭቃ አለ። ፎርሙ ላይ ያለውን የተለመደ ጥያቄ ጠየቅኳት።

«ትናንት ወይ ዛሬ ከባድ ልምምድ ሠርተሻል?»

«አዎ ጋሼ። ዛሬ ሰንዳፋ ኮረኮንች ነበረን።»

«ስንት?»

«25።»

«ዛሬ ምርመራ እንዳለሽ ለአሰልጣኝሽ አልነገርሽም?»

«ነግሬያለሁ። እዚያ እኮ ቆመሽ ነው የምትሮጪው፣ ምን ያደክማል አሉኝ።»

ቁርስ ምን በላሽ ስላት ሻይ በዳቦ አለችኝ። ያውም መኪና ውስጥ።

ከምርመራ በፊት 24 ሰዓት ከባድ ልምምድ የለም። ይሄ ለጌጥ የተጻፈ ሕግ አይደለም። 25 ኪሎ ሜትር ኮረኮንች የሮጠ እግር ውስጥ ያለው ስኳር ተሟጧል። ልብም እስከ ጣሪያው አይወጣም። ስለዚህ ቀኑን እንቀይርላት አልኩ። የጥናቱ ኃላፊ አልተቀበሉም። ማሽኑ የሚስተካከልበት የካሊብሬሽን ጋዝ ሊያልቅ ነው፣ ሌላ ሲሊንደር ከጉምሩክ እስኪወጣ ጊዜ ይፈጃል፣ የሯጮቹም ትራንስፖርት ተከፍሏል አሉ። ምክንያታቸው እውነት ነበር። ግን ያንን ውድ ጋዝ የባሰ ያባከነው የዚያን ቀን ምርመራ ነው።

ትሬድሚል ላይ ወጥታ አታውቅም። መጀመሪያ እጇ ከብረቱ አልላቀቅ አለ። ቀስ ብለን አለማመድናት። ማስኩም ለፊቷ ሰፋ፣ በትንሽ ማስክ ቀየርንላት። በየአራት ደቂቃው ፍጥነቱን እየጨመርን ሄድን። በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ላይ ስክሪኑን አይቼ ጓደኛዬን በክርኔ ነካሁት። ለአንድ ኪሎ ክብደቷ በደቂቃ 43 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይላል። በኪሎ ሜትር ሲሰላ 184 አካባቢ ነው። ጥሩ የሚባሉ ሯጮች ወደ 200 ይፈጃሉ። ይቺ ልጅ፣ 25 ኪሎ ሜትር በደከመ እግር፣ በሻይና በዳቦ ብቻ፣ በማታውቀው ማሽን ላይ፣ እንደዚያ ትቆጥባለች። የአሯሯጧ ማማር ሲታይ ደስ ይላል። ትከሻዋ አይነቃነቅም፣ ኮቴዋ አይሰማም።

17 ላይ ስንደርስ እጇን አነሳች። አቆምን። ከፍተኛው የቪኦቱ ቁጥር 52፣ የልብ ምት 176፣ ከጣቷ የወሰድነው ላክቴት 4 ብቻ። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሚገባው ኦክስጅን ሲካፈል 1.02። ሙሉ አቅም ታየ ለማለት ብዙ ላብራቶሪዎች 1.10 እና ከዚያ በላይ ይጠብቃሉ። ላክቴቱም እንደዚያው፣ ወደ 8 ገደማ ሊሆን ይገባ ነበር። ያላለቀ ምርመራ ማለት ነው። እግሯ እምቢ አለ እንጂ ልቧና ሳንባዋ ገና አልተጠየቁም። ሪፖርቱ ሁለተኛ ገጽ ላይ በጉልህ ጻፍኩ። «ከከባድ ልምምድ በኋላ የተሠራ፣ ከፍተኛ አቅም ያልታየበት፣ በሳምንት ውስጥ ይደገም።»

ከሰዓት በኋላ አሰልጣኙ መጡ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ብዙ ሯጭ አፍርተዋል። ተነስቼ ወንበር ሰጠኋቸው።

«ውጤቱን ስጠኝማ» አሉ።

«አሰልጣኝ፣ ውጤቱ የእሷ ነው። እሷ ከፈቀደች አብራችሁ ኑና ላስረዳችሁ። ቅጹ ላይ የፈረመችው እንደዚያ ነው።»

«እኔ ነኝ ያመጣኋት። ምን ምስጢር አለው?»

«ምርመራው ራሱ አላለቀም፣ ይደገማል።»

«ቁጥር ወጥቷል አልወጣም?»

ዝም አልኩ። ስልካቸውን አውጥተው አንድ ሰንጠረዥ አሳዩኝ። ይሄን ያህል ያላት ጎበዝ፣ ይሄን ያህል ያላት መካከለኛ ይላል። ሰንጠረዡ ለባሕር ወለል የተሠራ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን እኛ ጋ 580 ገደማ ነው። እዚህ የተወለደም ቢሆን እዚህ ሲለካና ታች ሲለካ ቁጥሩ አንድ አይሆንም። ይሄን ሁሉ አስረዳኋቸው።

ቀጥዬ የሙኒክን ኦሊምፒክ አነሳሁባቸው፣ ያን ዘመን እንደሚወዱት ስለማውቅ። እ.ኤ.አ. በ1972 የእኛ ማሞ ወልዴ ሦስተኛ በወጣበት ማራቶን ወርቁን የወሰደው ፍራንክ ሾርተር ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ሲለካ ቪኦቱው ወደ 71 ነበር። ምሩጽ ይፍጠር ሳይሮጠው በቀረው 5,000 ሜትር አራተኛ የወጣው ፕሪፎንቴይን ደግሞ 84። «ርቀቱ ይለያያል፣ አውቃለሁ» አልኳቸው። «ግን በዚህ ቁጥር ብቻ ምረጡ ቢሏችሁ ማንን ትጥሉ ነበር?»

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ያሉኝን አልረሳውም።

«አየህ ልጄ፣ ክለቡ ስድስት ልጅ ቀንስ ብሎኛል። እኔ ሄጄ አንቺ አትሆኚም ብላት ታለቅሳለች፣ ቤተሰቧ ይመጣል። ወረቀት ካለኝ ማሽኑ ነው ያለው እላታለሁ።»

እውነቱን ስለነገሩኝ አከበርኳቸው። ግን ወረቀቱን አልሰጠኋቸውም። ሰውዬው 30 ዓመት በዓይናቸውና በሰዓታቸው ሯጭ ሲመርጡ ኖረዋል። ዓይናቸውን ከእኔ ማሽን የበለጠ አምነዋለሁ። ልጅቷን አትሆንም ካሉ፣ በራሳቸው አፍ፣ በራሳቸው ምክንያት ይንገሯት። እሷም መልስ የምትሰጠው ሰው ይኖራታል። ማሽን ግን ምን ተብሎ ይለመናል?

እሳቸው በቀጥታ ወደ ጥናቱ ኃላፊ ቢሮ ገቡ። ኃላፊው «ከክለቦች ጋር ያለን ትብብር» ብለው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አትመው ሰጧቸው። 52 የሚለው እዚያ ላይ አለ። የ14 ኪሎ ሜትሩ ቁጠባና የእኔ ማስታወሻ ሁለተኛው ገጽ ላይ ቀሩ። ልጅቷ ከክለቡ ተቀነሰች። ደመወዟም፣ የካምፕ አልጋዋም አብረው ሄዱ።

በሌላ ቀን ብቻዋን መጣች። በር ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ልቤ በሽተኛ ነው እንዴ?»

ደነገጥኩ። «ማን አለሽ?»

«ማሽኑ አትችይም አለሽ ተባልኩ። እናቴም ሩጫውን ተይው አለችኝ።»

አስቀመጥኳትና ሁለቱንም ገጽ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። አፋን ኦሮሞ የሚችል ባልደረባዬን ጠራሁ፣ በአማርኛ ብቻ እንዳይምታታባት። ልቧ ጤነኛ እንደሆነ ነገርናት። 52 ማለት የዚያን ቀን ድካም እንደሆነ፣ ምርመራው እንዳላለቀ ነገርናት። ከዚያ ጣቴን 184 ላይ አድርጌ፣ በዚያን ዙር ከለካናቸው ሁሉ እሷ ዝቅተኛውን እንዳወጣች፣ እዚህ ላይ ደግሞ ዝቅ ማለት መብለጥ እንደሆነ ነገርኳት። ሦስቴ አስደገመችኝ። «ይሄንን ለአሰልጣኝ ነግረኸዋል?» አለች። ውጤቱ የአንቺ ስለሆነ ካንቺ ፈቃድ ውጪ አልነግርም አልኩ። «ንገራቸው» አለችኝ። ማስታወሻ ጽፌ፣ ሁለቱን ገጽ አያይዤ፣ በእጇ ሰጠኋት። አሰልጣኙ አንብበው ቅነሳው አልቋል አሏት።

ከዚያ በኋላ ላብራቶሪያችን ውስጥ ተከራክሬ ያስቀየርኩት ነገር አለ። ሪፖርቱ አንድ ገጽ ሆኗል፤ ማስታወሻው ከቁጥሩ በላይ ይታተማል። ውጤቱ በሯጩ እጅ፣ ሯጩ በሚሰማው ቋንቋ ተነግሮ ይሰጣል። ስምምነቱ ሲፈረም አሰልጣኝ ክፍል ውስጥ አይገባም። ኮረኮንች ሮጦ የመጣ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል፣ ጋዝ አለቀ አላለቀ።

ኃላፊው እነዚህን ለውጦች በደስታ ፈርመዋል። ስብሰባ ላይም ጥሩ አሠራር ብለው ያመሰግኑናል። ለልጅቷ ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቋትም።