መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ውድ ላፕቶፕ መምረጥ

የአፕሉ ባለ ኤም 2 ማክቡክ ኤር፣ የሌኖቮው ቲንክፓድ ኤክስ ዋን ካርበን 9ኛው ትውልድ እና ዴል ኤክስፒኤስ 13 (9310) ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሦስቱም ያምራሉ፤ ሦስቱም ቀጭንና ፈጣን ናቸው። ልዩነታቸው የሚወጣው አዲስ አበባ ዳር ያሉት ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገብተው መብራቱ ሲሄድና የመንገዱ አቧራ በመስኮት ሲገባ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ባትሪውን እዩ። ሻጭ የሚነግራችሁን ሰዓት ተዉትና ዋት-አወሩን (ባትሪው የሚይዘውን የኃይል መጠን) ጠይቁ። ባለ 13 ኢንቹ ኤር 52.6፣ ኤክስ ዋን 57፣ ኤክስፒኤስ 52 ነው። ተቀራራቢ ነው፤ ዋናው ኃይል አበላላቸው ነው። ጽሑፍ ላይ 6 ዋት የሚበላ ማሽን በ52 ዋት-አወር ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሄዳል፤ 15 ዋት የሚበላው ሦስት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ይዘጋል። እዚህ ላይ ኤሩ ውስጥ ያለው የአፕል ቺፕ በሌሎቹ ሁለቱ ውስጥ ካለው የኢንቴል ቺፕ በግልጽ ይሻላል። ኤክስፒኤስን ባለ 4ኬ ስክሪን መግዛት ደግሞ ባትሪውን በገዛ እጅ ማሳጠር ነው፤ ጥራቱ ከዚያ ዝቅ ያለው ፉል ኤችዲ ፕላሱ ይበቃል።

ሦስቱም በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ ይደረጋሉ፤ ለዳር ነዋሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፓወር ዴሊቨሪ (በዩኤስቢ ሲ ለላፕቶፕ የሚበቃ ኃይል የሚሰጥ አሠራር) ያለው፣ 65 ዋት የሚሰጥ ባለ 20,000 ሚሊአምፒር ፓወር ባንክ 74 ዋት-አወር ይይዛል፤ ኃይሉ ሲተላለፍ የሚባክነው ተቀንሶ ላፕቶፑን አንድ ጊዜ ያህል ይሞላል። ለስልክ የተሠራው ባለ 18 ዋት ግን ወይ በጣም ያዘግማል ወይ ላፕቶፑ ጭራሽ አይቀበለውም።

ከዱባይ የመጣ ቻርጀር ብዙ ጊዜ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የእንግሊዝ ሶኬት ነው። በርካሽ አዳፕተር ስትሰኩት ይላላል፣ ብልጭ ይላል፣ ይግላል። የቲንክፓድና የዴል ቻርጀር ከግድግዳ እስከ ሳጥኑ ያለው ገመድ የሚነቀል ከሆነ አዳፕተሩን ትታችሁ ለእኛ ሶኬት የሚሆን ገመድ ብቻ ግዙ።

የቅጥነቱ ዋጋ ያለው ራሙ (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ ነው። በሦስቱም ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ ስለሚመጣ በኋላ አይጨመርም፤ አሁኑኑ 16 ጊጋ ግዙ። ፋይል የሚቀመጥበት ኤስኤስዲው ግን ይለያያል፦ የኤክስ ዋኑና የኤክስፒኤሱ ተፈትቶ ይቀየራል፣ የማኩ አይቀየርም። ባለ 256 ጊጋው ኤም 2 ኤር ደግሞ በአንድ የማከማቻ ቺፕ ስለተሠራ ከ512ቱ ይዘገያል።

ኤር ፋን የለውም፤ አቧራ የሚስብ ነገር የለም፣ ረጅም ቪዲዮ ስታቀናብሩ ግን ሙቀቱን ለመቀነስ ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጋል። ፋን ያላቸውን ፍራሽ ላይ አታስቀምጡ፤ አየር የሚስቡት ከሥር ነው፣ የአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያነሰ ነው። ኤክስ ዋን ስታጸዱ መጀመሪያ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብታችሁ ውስጠኛውን ባትሪ አጥፉ፣ የታች ክዳኑን ፍቱ፣ የፋኑን ምላጭ በጥርስ መፋቂያ ያዙና ንፉ። ሳይያዝ ከተነፋ ከልኩ በላይ ይሽከረከርና መሽከርከሪያው ይበላሻል፤ ከዚያ በኋላ ሲጮህ ይኖራል።

ለቢሮ ሰው ኤክስ ዋንን እመርጣለሁ፦ ፍላሽም ኤችዲኤምአይም ያለ መቀየሪያ ይሰካበታል፣ ኪቦርዱም ፈሳሽ ቢደፋበት እንዲቋቋም የተሠራ ነው። ብዙ ሰዓት ያለ መብራት ለሚሠራ ሰው ኤር ይበልጣል። ኤክስፒኤስ ስክሪኑ ግሩም ቢሆንም ለእኛ ሰፈር ሦስተኛ ነው።

ስላይትሊ ዩዝድ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ፈትሹ። ቲንክፓዱን ስታስነሱ ኤፍ 1 ተጫኑ፤ ባዮሱ የይለፍ ቃል ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው መፍትሔው ማዘርቦርድ መቀየር ነውና ተዉት። የማኩ የቻርጅ ዙር (ሙሉ ባትሪ የሚያህል ኃይል አንድ ጊዜ ተጠቅሞ መጨረስ) ስንት እንደደረሰ እዩ፤ ባትሪው የተሠራው ለ1,000 ዙር ነው። ከዚያ በውስጡ ያለውን ሁሉ አሰርዛችሁ እንደ አዲስ አስጀምሩት፣ ከኢንተርኔትም አገናኙት። የርቀት አስተዳደር (Remote Management) የሚል ገጽ ካመጣ አሁንም በአንድ ድርጅት ስም የተመዘገበ ነውና ተዉት። ሻጩ ዋይፋይ የለም ካለ የስልካችሁን ሆትስፖት ክፈቱለት፤ ያንንም ካልፈቀደ ብሩን አትክፈሉ።