የሊሊያን ጊሽ እጅ

ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ደሴን በሸፈነበት የሐምሌ ምሽት፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ሊሊያን ጊሽ የተወነችበትን ድምፅ አልባ ፊልም ተመለከትሁ። እ.ኤ.አ. በ1893 በኦሃዮ የተወለደችው ይህች ተዋናይት ገና በልጅነቷ መድረክ ላይ ወጥታ፣ በ1912 ከዳይሬክተር ግሪፊዝ ጋር ፊልም መሥራት ጀመረች።

እጅግ የሚደንቀኝ በ1920 የወጣው ሥራዋ ነው፤ በወንዝ ላይ በሚንሳፈፍ የበረዶ ግግር ተጋድማ፣ በራሷ ሐሳብ እጇንና ጸጉሯን በበረዶው ውሃ ውስጥ እንደነከረች ደጋግማ ተቀረጸች፤ የዚያም ጉዳት ጣቶቿን እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አልለቀቃቸውም። የደሴን ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ይገባዋል።

ድምፅ ያለው ፊልም ከመጣ በኋላ ወደ ቴአትር ብታዘነብልም ካሜራን ጨርሳ አልተወችም፤ በ1971 የክብር ኦስካር ተቀበለች፤ በ1987 የመጨረሻ ፊልሟ ሲወጣ ዕድሜዋ ከ90 ዓመት አልፎ ነበር።